«ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው» የተባለ መድኃኒት ሲያጋጥም፦ ጥናቱን እንዴት እንመዝነው?

መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ዘወትር የሚመጣው ጥያቄ «ይሄ ለእርጉዝ ይሆናል?» የሚለው ነው። ባለሙያው ወዲያው «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ካለ፣ መጠየቅ የነበረበትን ሳይጠይቅ ነው የመለሰው። አንድ ክኒን በ8ኛው ሳምንት ምንም ሳያደርግ በ30ኛው ሊጎዳ ይችላል። በትንሽ መጠን ተመርጦ የሚታዘዝ በትልቁ ይከለከላል። ጉዳት አለው የተባለውም ቢሆን፣ ሕመሙን ሳያክሙ ከመተው የሚሻልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በስልክዎ «ነፍሰ ጡሮች ተጠንቀቁ» የሚል ዜና ሲደርስዎ አራት ነገር ይጠይቁ፦ በስንተኛው ሳምንት? በምን ያህል መጠን? ከማን ጋር ተነጻጽሮ? ሕመሙስ ካልታከመ ምን ያመጣል?

ዜናውን እንደሰሙ መድኃኒቱን አያቋርጡ

በድንገት ሲተው ራሱን የቻለ ጉዳት የሚያመጣ መድኃኒት ብዙ ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ክኒኗን በአንድ ጊዜ ብትተው የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊጥላት ይችላል፤ ይህ እናቲቱንም ፅንሱንም እስከ መግደል ይደርሳል። በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ ፀረ ኤችአይቪ፣ የድብርት መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን የሚባለው የታይሮይድ ክኒን፦ «አረገዝኩ» ተብሎ በራስ ውሳኔ የሚተዉ አይደሉም። እንዲያውም የታይሮይዱ ክኒን ብዙውን ጊዜ በእርግዝና መጠኑ ይጨመራል።

በሌላ በኩል፣ እርግዝናው እንደታወቀ በዚያው ቀን ባለሙያ ማግኘት ግድ የሚልባቸው ጥቂቶች አሉ። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን፣ እንዲሁም ለመገጣጠሚያ ሕመም በሳምንት አንዴ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ወዲያው ይቆማሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮዬት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን፣ እንደ ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉት የግፊት መድኃኒቶች ግን ሐኪም በሌላ የሚለውጣቸው ናቸው። በራስ አይተዉም፣ የሚቀጥለው ወር ቀጠሮ እስኪደርስም አይጠበቅም።

ሳምንቱን በትክክል መቁጠር

ሐኪምና አዋላጅ የእርግዝናን ሳምንት የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። አንዳንድ ጥናቶች ደግሞ ፅንሱ ከተፈጠረበት ቀን ይነሳሉ። በሁለቱ መካከል 2 ሳምንት ያህል ልዩነት ስላለ፣ ዜናው «በ4ኛው ሳምንት» ሲል የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይለዩ።

በኛ ዘመን አቆጣጠር ሒሳቡ ቀላል ነው። የመውለጃ ቀኑን ለማግኘት የወር አበባው በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደምሩ። ጥቅምት 1 ከጀመረ፣ ሐምሌ 11 ይሆናል። በመሐል ጳጉሜ ካለች ግን 10 ቀኑ ወደ 5 ይወርዳል፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ወደ 4። ጥር 5 የጀመረ ጥቅምት 10 ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ስህተት የሚበዛው ወርን ወደ ሳምንት ሲለውጡ ነው። «አራት ወሬ ነው» ስትል ካርዱ ላይ 16 ሳምንት ይጻፋል፤ አራት ወር ግን 120 ቀን ነው፣ 17 ሳምንት ከ1 ቀን። አምስት ወር 21 ሳምንት ከ3 ቀን ይሆናል። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ መወሰድ የሌለበትን መድኃኒት ገና ይቻላል ብሎ ለማሰብ ይበቃል። በመርፌ የሚሰጠውን የሦስት ወር መከላከያ ካቆመች በኋላ የወር አበባ ሳታይ ያረገዘች ሴት ደግሞ ከምን ተነስታ ትቆጥራለች? ለእንዲህ ያለችው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነሳ አልትራሳውንድ ከማንኛውም ግምት ይሻላል።

ሳምንቱ ለምን እንዲህ ያስጨንቃል? ፅንሱ ከተፈጠረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 2 ሳምንታት የደረሰ ከባድ ጉዳት ብዙ ጊዜ ወይ እርግዝናውን ያስወርደዋል፣ ወይ ፅንሱ ሙሉ በሙሉ ያገግማል። የአካል ክፍሎች የሚሠሩት ከወር አበባ ሲቆጠር ከ5ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ተገጥሞ የሚያልቀው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ያኔ ብዙዋ ሴት የወር አበባዋ እንደዘገየ ገና መጠርጠሯ ነው። ታሊዶማይድ ይህን ጊዜ በግልጽ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍና ለማቅለሽለሽ ተብሎ ለገበያ ቀረበ፣ በ1961 መጨረሻ ተሰበሰበ፤ በመካከሉ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ጉዳቱ የደረሰው እናቶቻቸው ከወር አበባ በተቆጠረ ከ34ኛው እስከ 50ኛው ቀን ባለው ጊዜ በወሰዱት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዋ ፍራንሲስ ኬልሲ «ማስረጃው አልበቃኝም» ብላ ፈቃድ ስለከለከለች ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ።

ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ያለው ጊዜም ነፃ አይደለም። የሚጎዳው ነገር ይለወጣል እንጂ፦ ኩላሊት፣ የልብ ሥር፣ ጥርስ፣ እድገት።

ቁጥሩን ወደ ሰው ቆጠራ መመለስ

«አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል» የሚል ዜና ያለ መነሻ ቁጥር ምንም አይናገርም። ምንም መድኃኒት ባልወሰዱ እናቶች ዘንድም ከ100 ሕፃናት 3 ያህሉ ከባድ የሚባል የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ከ1,000 አንድ የሚያጋጥም ጉድለት በእጥፍ ቢጨምር ከ1,000 ሁለት ይሆናል፤ 998ቱ ከዚያ ጉድለት ነፃ ናቸው። ቫልፕሮዬት ግን ከባድ ጉድለቱን ከ100 ሕፃናት 10 ገደማ ላይ ያደርሰዋል፣ ከ100 ከ30 እስከ 40 በሚሆኑት ላይ ደግሞ የአእምሮ እድገትና የትምህርት ችግር ይከተላል። ሁለቱም ዜናዎች «አደጋ ይጨምራል» ይላሉ፣ ክብደታቸው ግን አይገናኝም።

ለወዳጅዎ ዜናውን ከመላክዎ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይጻፉ፦ መድኃኒቱን ካልወሰዱ 1,000 ሴቶች ስንቱ ላይ ደረሰ? ከወሰዱት 1,000 ስንቱ ላይ? ዜናው ሁለቱንም ቁጥር ካልሰጠ ገና አልተሟላም።

«ምንም ችግር አልታየም» የሚለውም እንዲሁ ይፈተሻል። የስታቲስቲክስ ሰዎች የሚጠቀሙበት አቋራጭ አለ፦ ጉዳት ካልታየ፣ 3ን በሴቶቹ ብዛት ያካፍሉ። 300 ሴቶች ወስደው አንድም ጉዳት ካልታየ፣ እውነተኛው ቁጥር እስከ ከ100 አንድ ሊሆን ይችላል። 30 ሴቶች ብቻ ከሆኑ እስከ ከ100 አሥር ይሄዳል። በትንሽ ጥናት «ደህና ነው» መባል ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከማን ጋር ተነጻጸረ?

ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት የምትወስድ ሴት የምትወስደው ስለታመመች ነው። ልጁ ላይ ችግር ቢታይ፣ መድኃኒቱ ነው ወይስ ሕመሙ? ወይስ ለሁለቱም ምክንያት የሆነ በዘር የሚወረስ ነገር?

ፓራሲታሞልን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከኦቲዝም ጋር ሲያያይዘው ዜናው በየቤቱ ገባ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ማስረጃው ወጥ አይደለም አለ። ከዚያ በፊት በ2024 የታተመ የስዊድን ጥናት ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን መዝገብ ተመልክቶ ነበር። ልጆቹ እንዲሁ በጅምላ ሲነጻጸሩ፣ በ10 ዓመታቸው ኦቲዝም የታየባቸው እናታቸው ካልወሰደች ከ100 1.33፣ ከወሰደች ከ100 1.53 ነበሩ። ቀጥሎ ያንዲት እናት ልጆች እርስ በርስ ተነጻጸሩ፤ በአንዱ እርግዝና ወስዳ በሌላው ያልወሰደች ማለት ነው። ያን ጊዜ ልዩነቱ ጠፋ። የእናት ዘር፣ ቤትና ኑሮ ያው ሲሆን ክኒኑ ብቻውን ለውጥ አላሳየም። ስለዚህ አዲስ ዜና ሲመጣ «ወንድምና እህት ተነጻጽረዋል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያጠራል። ሌላው መጠየቅ ያለበት መረጃው መቼ እንደተሰበሰበ ነው። ከወሊድ በኋላ «ምን ወስደሽ ነበር?» ተብሎ ከሆነ፣ ልጇ የታመመባት እናት ጤናማ ልጅ ከወለደችው ይልቅ እያንዳንዱን ክኒን ታስታውሳለች፤ ቁጥሩ በዚያ ብቻ ይዛባል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዶሉቴግራቪር ነው፣ እኛንም በቀጥታ ይነካል፤ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ፀረ ኤችአይቪ የሚወስዱ አብዛኞቹ ይህ ያለበትን ክኒን ነው የሚውጡት። ቦትስዋና ውስጥ ጼፓሞ የሚባለው ጥናት በየሆስፒታሉ የሚወለዱ ሕፃናትን ይመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲረገዙ እናታቸው ዶሉቴግራቪር ላይ ከነበረችባቸው 426 ሕፃናት 4ቱ የህብለ ሰረሰርና የአንጎል አለመገጠም እንደታየባቸው ተገለጸ፤ ከ100 0.94 ነው። በሌላ መድኃኒት ላይ ከነበሩት ከ100 0.12 ብቻ ነበር። በብዙ አገር ለመውለድ የደረሱ ሴቶች ከመድኃኒቱ ተከለከሉ። ጥናቱ ግን አልቆመም። በ2019 ከ1,683 ሕፃናት 5 ሆነ፣ ወደ 0.3 ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት መድኃኒቱን ለሁሉም መከረ። በ2022፣ ከ9,000 በላይ ሕፃናት ሲቆጠሩ፣ 0.11 ላይ አረፈ፤ ከሌሎቹ መድኃኒቶች የተለየ አልነበረም። የመጀመሪያው ዜና ውሸት አልነበረም፤ 426 ሰው እንዲህ ያለ ብርቅ ጉዳት ለመለካት አይበቃም ነበር። አንድ ሕፃን ቢቀንስ ወይም ቢጨምር ቁጥሩ በሩብ ይለወጥ ነበር። ከ1,000 አንድ የሚደርስ ጉዳት ላይ በሦስት እጥፍ መጨመሩን ለማወቅ 2,000 ያህል ሴቶች ያስፈልጋሉ።

ፍርሃት ጥሩ መድኃኒት ከገበያ ያወጣበትም ጊዜ አለ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው፣ ቫይታሚን ቢ6 እና ዶክሲላሚን የያዘው ቤንዴክቲን በክስ ብዛት እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ ተቋረጠ። ማስረጃው ግን አልደገፈውም፤ ያው ውህድ በ2013 በሌላ ስም ተመልሶ ጸደቀ።

የመድኃኒት መግለጫ ወረቀት አነባበብ

በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት «በእርግዝና ጊዜ ደህንነቱ አልተረጋገጠም» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ «ማንም አላጠናውም» ማለቱ ነው። ይህ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያ ደረጃ የመድኃኒት ሙከራ እንዲወጡ መመሪያ አወጣ፤ የተነሳውም በ1993 ነው። እርጉዞች ደግሞ ከዚያም በኋላ በአብዛኛው ውጭ ቀሩ።

ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤክስ የሚሉት ፊደላት እዚህ ዛሬም በየመጽሐፉና በየመተግበሪያው ይታያሉ። ያወጣቸው ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ግን በአዲስ መግለጫዎች ላይ ትቷቸዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ «ሲ» ማለት በእንስሳ ላይ ጉዳት ታይቷል ወይም ጭራሽ ጥናት የለም ማለት ሊሆን ይችል ነበር፣ አንባቢው ግን «ከቢ የባሰ» ብሎ ያነበው ነበር። አሁን በአሜሪካው መግለጫ ላይ ክፍል 8.1 እርግዝናን፣ 8.2 ጡት ማጥባትን፣ 8.3 ለመውለድ የደረሱ ሴቶችንና ወንዶችን ይመለከታል። 8.1ን ሲያነቡ የሰው መረጃ የሚለውን ከእንስሳ መረጃ ለይተው ይመልከቱ፤ እንስሳቱ የወሰዱት መጠን ከሰው ስንት እጥፍ እንደሆነም እዚያው ይጻፋል።

መደርደሪያ ላይ የሚገኙት

ሕመምና ትኩሳት። ፓራሲታሞል ቀዳሚው ነው፦ 500 ሚሊ ግራም፣ አንድ ወይም ሁለት ክኒን በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ክኒን ሳያልፍ፣ ለሚያስፈልግበት ቀን ብቻ። የጉንፋን ዱቄትና ክኒን ውስጥም ስላለ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ መጠኑን ያሳልፋል። ከፍተኛ ትኩሳትን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳያክሙ መተው ራሱ ለፅንሱ ይከብዳል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ መርፌውንም ጨምሮ፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም፤ የፅንሱን ኩላሊት አዳክመው የሽርት ውሃውን ያሳንሳሉ፣ ከ30ኛው በኋላ ደግሞ ከመወለዱ በፊት ክፍት መሆን ያለበትን የልብ ሥር ሊዘጉት ይችላሉ። የጀርባ ሕመም ይዟት መጥታ «አንድ መርፌ ውጉኝ» የምትል እርጉዝ፣ ሳምንቷ ሳይጠየቅ ዳይክሎፌናክ መወጋት የለባትም።

ስም ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፓናዶል፣ አሜሪካ ታይሌኖል፣ እስራኤል አካሞል የሚባለው ያው ፓራሲታሞል ነው። አድቪል፣ ብሩፈንና ኑሮፈን አይቡፕሮፌን ናቸው፣ ቮልታረን ዳይክሎፌናክ። ዘመድ ከውጭ ሲልክ የንግድ ስሙን ትተው ከስሩ በትንሽ የተጻፈውን ያንብቡ።

ግፊት። ኢናላፕሪል በሁለተኛውና በሦስተኛው ሦስት ወር የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ሜቲልዶፓ፣ ኒፌዲፒንና ላቤታሎል ይተኩታል። ከወሊድ በኋላ ለምታጠባ እናት ኢናላፕሪል ተመልሶ ይሰጣል፤ «ያኔ ተከልክዬ ነበር» ብሎ መተው አያስፈልግም። ለፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ለሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት) የተጋለጠች ሴት ደግሞ በትንሽ መጠን አስፒሪን ትታዘዝላታለች፣ የዓለም ጤና ድርጅት 75 ሚሊ ግራም ይላል፣ ከ20ኛው ሳምንት በፊት ጀምራ። አስፒሪን ከአይቡፕሮፌን ጋር አንድ ወገን ስለሆነ «ተከልክሏል» ብለው የሚያስጥሏት ጎረቤቶች አይጠፉም፤ መጠኑ ነው የሚለየው።

ወባ። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ኮአርተምን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ይመክራል። ክብደቷ 35 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 4 ክኒን በቀን ሁለቴ ለ3 ቀን፣ ድምሩ 24፤ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ፕሪማኪን ግን በእርግዝና አይሰጥም።

ኢንፌክሽን። አሞክሲሲሊንና ሴፋሌክሲን ብዙ ጊዜ የሚመረጡ ናቸው። ዶክሲሳይክሊን ጥርስና አጥንት ስለሚነካ ይቀራል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ለሴት ብልት ፈንገስ በሚዋጠው ፍሉኮናዞል ፋንታ ለ7 ቀን ብልት ውስጥ የሚቀመጠው ክሎትሪማዞል ይሻላል። የትል መድኃኒት አልቤንዳዞል የመጀመሪያው ሦስት ወር እስኪያልፍ ይጠበቅ።

አይረንና ፎሊክ አሲድ። የተለመደው ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይይዛል፣ በቀን አንድ። ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ቢሆን የተሻለ፣ ያርቁት። ካልሲየምና የታይሮይድ ክኒን የሚወስዱ ከሆነ እነዚያንም ይለዩ፦ ካልሲየሙን 2፣ ታይሮይዱን 4 ሰዓት። ሰገራ መጥቆሩ ጤናማ ነው። ካቅለሸለሸ ማታ ከእራት በኋላ ይዋጥ። አንድ ነገር ግን ብዙዎች አያውቁትም፦ የፎሊክ አሲዱ ትልቅ ጥቅም በ6ኛው ሳምንት የሚገጠመውን ቱቦ መጠበቅ ነው፤ በአራት ወር ክትትል ሲጀመር ያ ጊዜ አልፏል። ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ትጀምረው። እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት ልጅ የወለደች ደግሞ ከሐኪም የሚታዘዝ 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት 4 ሚሊ ግራሙ የጉድለቱን መደገም ከ100 በ72 እንደቀነሰ አሳይቷል።

የሀገር መድኃኒት። ኮሶና እንዶድ በእርግዝና ፈጽሞ አይሞከሩም፤ መርዛማነታቸው የታወቀ ነው፣ ፅንስም ያስወርዳሉ። ጤና አዳም ላይ ያለው ጥናት በአብዛኛው በእንስሳ ነው። ቡና ላይ ጣል የተደረገች ቅጠልና ተጨምቆ በኩባያ የሚጠጣ ጤና አዳም አንድ መጠን አይደሉም፣ ደህና የሚባለው ልክ ግን ስላልተለካ ጭማቂውን መተው ነው። ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል በቀን 1 ግራም ያህል ይበቃል።

ለክትትል ሲሄዱ

የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፦ ክኒኑን ከነማሸጊያው፣ ሽሮፑን፣ ከውጭ የተላከውን ቫይታሚን፣ የሀገር መድኃኒቱንም። «ነጯን ክኒን» ብሎ መናገር ለማንም አይረዳም። ቫይታሚን ኤ በብዛት ያለበት ክኒን ከቫይታሚኖቹ መሐል ካለ በተለይ ያሳዩ። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ። ከዚያ ባለሙያውን እንዲህ ይጠይቁ፦ ይህን ካልወሰድኩ ሕመሜ ምን ይሆናል? በዚህ ሳምንት የተሻለ ምትክ አለ? ትንሹ የሚበቃኝ መጠን ስንት ነው? ለስንት ቀን? አልፎ የተወሰደ ነገር ካለ ስም፣ መጠንና ቀኑን ጨምረው ይንገሩ፤ ባለሙያው እንዳይቆጣ ብለው የሚደብቁት ክኒን ነው በኋላ ምርመራውን የሚያሳስተው።

አሜሪካ ያሉ ደግሞ ማዘር ቱ ቤቢ የሚባል፣ ስለ መድኃኒትና እርግዝና በነፃ የሚመልስ አገልግሎት በስልክም በጽሑፍም ያገኛሉ።

ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ የሚመስል ጉዳት ከደረሰ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይቻላል፤ ነፃ መስመሩ 8482 ነው፣ በጤና ተቋማትም የሚሞላ ቅጽ አለ። ቅጹ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ማሸጊያው ላይ የታተመው ባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለይ ቁጥር)፣ መጠኑ፣ የተጀመረበትና የቆመበት ቀን፣ እርግዝናው በዚያን ጊዜ ስንት ሳምንት እንደነበር ይጻፍ። ማሸጊያውን ሳይጥሉ ያስቀምጡ፤ ባች ቁጥሩ የሌለበት ሪፖርት ችግሩ ከመድኃኒቱ ይሁን ከአንድ የተበላሸ ምርት መለየት አያስችልም።